የኩሲው ጌታና ርስት ያሻገሩት ሴቶች



ዛሬ የማወራችሁ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለኖረ አንድ ፈረንሳዊ መኰንን ነው። ስሙ አንጌራን ይባላል። በቤቱ ይህን ስም ከያዙት ጌቶች ሰባተኛው ስለሆነ ታሪክ አንጌራን 7ኛ ብሎ መዝግቦታል፤ ማዕረጉ የኩሲ ጌታ ነበር። በ1340 ገደማ ተወልዶ በ1397 በምርኮ አገር ሞተ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ዕድሜ ውስጥ መያዣ ሆኖ በእንግሊዝ ተቀመጠ፤ የእንግሊዝን ንጉሥ ልጅ አገባ፤ በኢጣሊያ፣ በስዊዘርላንድና በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ተዋጋ፤ የፈረንሳይ ነገሥታት አማካሪ ሆነ፤ በመጨረሻም ከቱርኮች ጋር በተደረገ ጦርነት ተማረከ። አሜሪካዊቷ የታሪክ ጸሐፊ ባርባራ ተክማን በ1978 ስለዚያ መቶ ዓመት ትልቅ መጽሐፍ ስታሳትም የዘመኑን ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ለመተረክ የመረጠችው እሱን ነው።

ስለ ጥንት መኳንንት ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በጦር ሜዳው፣ በፈረሱና በሰይፉ ላይ ነው። የአንጌራንን ሕይወት ደጋግሜ በተመለከትሁ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ይህ ሰው የወረሰውም፣ የተጣላበትም፣ ያገኘውም፣ ያጣውም ነገር አብዛኛው የመጣው በሴቶች በኩል ነው፤ በቅድመ አያቱ፣ በእናቱ፣ በሚስቱና በልጆቹ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ የመካከለኛው ዘመን መኰንን ታሪክ ከሰይፉ ይልቅ በቤተሰቡ፣ በቤተሰቡም ውስጥ በተለይ በሴቶቹ በኩል ሲነበብ ይበልጥ ይገለጣል።

በቅድሚያ ስለ ቤቱ ልናገር። ኩሲ በሰሜን ፈረንሳይ በፒካርዲ አገር፣ ከፓሪስ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ያለ ኮረብታ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንጌራን 3ኛ በዚያ ኮረብታ ላይ ታላቅ ምሽግ ሠራ። የምሽጉ ዋና ግንብ ቁመቱ 54 ሜትር፣ ወርዱ 31 ሜትር ገደማ ነበር። በአውሮፓ ውስጥ ያን የሚያህል ክብ ግንብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ የንጉሡ የራሱ የሉቭር ግንብ እንኳ ያንሰዋል። የኩሲ ቤተሰብ የልዑልነትም የመስፍንነትም ማዕረግ ሳያሻው፣ የኩሲ ጌታ መባሉን ብቻ እንደ ዘውድ ይቆጥረው ነበር።

ኩራቱ ግን ጭካኔም ነበረበት። የአንጌራን 3ኛ ልጅ አንጌራን 4ኛ ሦስት ወጣቶች በጫካው ውስጥ ሲያድኑ አገኛቸውና ያለ ፍርድ ሰቀላቸው። ንጉሡ ሉዊ 9ኛ፣ በኋላ ቅዱስ የተባለው፣ ጉዳዩን በ1259 ገደማ ወደ ችሎቱ አመጣው። መኰንኑ በሰይፍ ውጊያ እንዳኝ ቢልም ንጉሡ አልፈቀደለትም። በብዙ መኳንንት ልመና ከሞት ተርፎ ከባድ ቅጣት ከፈለ፤ ከገንዘቡም ከፊሉ በፖንቷዝ ከተማ ለነበረ የድኾች ሆስፒታል ዋለ። በፈረንሳይ ታሪክ የትልቅ ሰው ልጅም ቢሆን በሕግ ፊት እንደሚቆም ያሳየ ፍርድ ተደርጎ ይታሰባል።

ይህ አንጌራን 4ኛ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። የቤቱ የወንድ ሐረግ እዚህ ላይ ተቋረጠ። ኩሲን የወረሰው የእህቱ የአሊክስ ልጅ ነበር፤ አሊክስ የጊንን ኮንት አግብታ የወለደችው ልጅ የእናቱን ቤት ስምና ርስት ይዞ አንጌራን 5ኛ ተባለ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የኩሲ ጌታ የተባለ ሁሉ፣ የእኛን ሰው ጨምሮ፣ ኩሲ የሆነው በሴት በኩል ነው።

ይኸው አንጌራን 5ኛ ክሪስቲያና ሊንድሴይ የምትባል ወራሽ አገባ። ክሪስቲያና የስኮትላንዱ ንጉሥ የጆን ባሊዮል የእህት ልጅ ነበረች። በሰሜን እንግሊዝ ያለውን መሬቷን ይዛ ወደ ፒካርዲው ቤት ገባች፤ የቤቱ አንድ እግርም በዚያው ባሕር ተሻገረ። የልጅ ልጇ አንጌራን 6ኛ ደግሞ የኦስትሪያው መስፍን የሌዎፖልድ 1ኛን ልጅ ካትሪንን አገባ። ካትሪን የሀብስበርግ ቤት ልጅ ናት፤ አባቷ ወንድ ልጅ ሳይተው ስለሞተ በአልዛስና በዛሬይቱ ስዊዘርላንድ ባሉ መሬቶች ላይ የወራሽነት ጥያቄ ይዛ መጣች። የአንጌራን 7ኛ እናት እሷ ነች። ሕፃኑ ገና ሳይራመድ ደሙ በፈረንሳይ፣ በስኮትላንድና በኦስትሪያ መኳንንት መካከል ተሠርቶ ነበር።

አሁን የዘመኑን ትልቅ ጠብ ማንሳት ግድ ይለኛል። በ1328 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 4ኛ ወንድ ልጅ ሳይተው ሞተ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ የሻርል እህት ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ዙፋኑ በእናቴ በኩል ይገባኛል አለ። የፈረንሳይ መኳንንት ግን ዘውድ በሴት በኩል አይተላለፍም ብለው የሻርል የአጎት ልጅ የሆነውን የቫሏን ፊሊፕን አነገሡ። የመቶ ዓመት ጦርነት የተባለው ረጅም እልቂት ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እናት ለልጇ ዘውድ ማውረስ ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለው ጥያቄ ነው። ዘውዱን በሴት በኩል የከለከሉት መኳንንት ግን የራሳቸውን ቤትና መሬት ከእናትና ከሚስት ይወርሱ ነበር። አንጌራን የተወለደው በዚህ ተቃርኖ መካከል ነው፤ ዕድሜውንም የጨረሰው በዚያው ውስጥ ነው።

አባቱ በ1346፣ ጦርነቱ በፈረንሳይ ላይ በከፋበት ዓመት ሞተ። እናቱ ሌላ ባል አገባች፤ በ1349 ደግሞ አውሮፓን ያጠፋው ታላቁ ወረርሽኝ እሷንም ወሰዳት። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ አባትም እናትም የሌለው የሰፊ ርስት ጌታ ሆነ። በ1356 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ በፗቲዬ ጦርነት ተማረከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጦርነቱና ግብሩ ያስመረራቸው የሰሜን ፈረንሳይ ገበሬዎች ዣክሪ የሚባለውን ዓመፅ አስነሡ። ገበሬዎቹ የመኳንንቱን ቤቶች አቃጠሉ፤ መኳንንቱም ያለ ርኅራኄ ጨፈጨፏቸው። የ18 ዓመቱ የኩሲ ጌታ በጨፍጫፊዎቹ ወገን ግንባር ቀደም ነበር። ይህን ሳይሸፍኑ መናገር ያስፈልጋል፤ የሰውዬውን በጎ ጎን የምንዘረዝር ከሆነ እጁ ላይ ያለውን የገበሬ ደምም አብረን ማየት አለብን።

በ1360 በብሬቲኒ ሰላም ሲወርድ ለዣን 2ኛ ማስለቀቂያ 3,000,000 የወርቅ ኤኩ እንዲከፈል ተወሰነ። ገንዘቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ በርከት ያሉ ታላላቅ መኳንንት መያዣ ሆነው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። አንጌራን ከእነዚህ አንዱ ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዣን ፍሯሳር በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ነበረና ወጣቱን መኰንን በቅርብ አይቶታል፤ በዘፈንና በጭፈራ ማማሩን፣ በአነጋገሩም መወደዱን ጽፏል።

በዚያ ቤተ መንግሥት የኤድዋርድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ኢዛቤላ ነበረች። በ1347 ለፍላንደርሱ ኮንት ለሉዊ ታጭታ ሳለ እጮኛዋ ለአደን እንደወጣ ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ፈረንሳይ ጠፋ። በ1351 ደግሞ ለጋስኮኙ ለበርናር ዳልብሬ ልትዳር መርከቡ ተዘጋጅቶ ሳለ እሷ አልሄድም ብላ ከወደብ ተመለሰች። ንጉሥ ልጁን ለፖለቲካ ጥቅም በሚድርበት ዘመን አንዲት ልዕልት ከወደብ መመለሷ ቀላል ነገር አይደለም። አባቷ ይወዳት ስለነበር አላስገደዳትም። ሐምሌ 27 ቀን 1365 በዊንድዞር አንጌራንን ስታገባ ዕድሜዋ 33 ነበር፤ የእሱ 25 ገደማ።

ይህ ጋብቻ ለሙሽራው ያመጣለትን ተመልከቱ። መያዣነቱ ያለ ምንም ክፍያ ቀረለት። ከቅድመ አያቱ ከክሪስቲያና የመጣውና በጦርነቱ የተያዘው የሰሜን እንግሊዝ መሬት ተመለሰለት። በ1366 የቤድፎርድ አርል ተባለ፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ለቅርብ ወዳጆቹ የሚሰጠውን የጋርተር ኒሻንም ተቀበለ። በ1367 ደግሞ ሌላው መያዣ ጊ ደ ብሏ ነፃ ለመውጣት ሲል በፈረንሳይ ያለውን የሶዋሶንን ግዛት ለኤድዋርድ አስረከበ፤ ኤድዋርድም ለአማቹ ሰጠው። የፈረንሳይ መኰንን የፈረንሳይ ግዛትን ከእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ተቀበለ ማለት ነው። በ1366 ማሪ፣ በ1367 ፊሊፓ የሚባሉ ሴቶች ልጆች ተወለዱለት።

ወደ አገሩ ሲመለስ ያገኘው በወረርሽኝና በጦርነት የተራቆተ ርስት ነበር። በግዛቱ ልማድ ጭሰኛ ወራሽ ሳይኖረው ሲሞት ንብረቱ የጌታው ይሆን ነበር፤ ይህን ሸሽተው ብዙ ሰዎች መሬቱን ጥለው ይሄዱ ነበር። በነሐሴ 1368 አንጌራን ለ22 ከተሞችና መንደሮች ከዚህ ሸክም ነፃ የሚያወጣ ደብዳቤ ሰጠ፤ በለውጡ ዓመታዊ ግብር እንዲከፍሉ አደረገ። ከአሥር ዓመት በፊት ገበሬ ያሳደደ ሰው ገበሬ ከሌለ ርስት ባዶ መሬት መሆኑን አየ። ደብዳቤው ከቸርነት ይልቅ ሒሳብ ይታይበታል፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ቤተሰቦች የአባትን ንብረት ለልጅ የማውረስ መብት ሰጣቸው።

በ1369 ጦርነቱ እንደ ገና ተነሣ። አንዱ ጌታው የፈረንሳዩ ሻርል 5ኛ ነው፤ ሌላው ጌታውና አማቱ የእንግሊዙ ኤድዋርድ። ለሁለቱም ቃል ገብቷል። የዛሬ ሰው ፈረንሳዊ አይደለም እንዴ፣ ምን ያወላውላል ሊል ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ሰው የሚታመነው ቃል ለሰጠው ጌታ ነበር፤ ቃል ማጠፍ ደግሞ መኰንንን ክብር የሚያሳጣ ነውር ነው። አንጌራን ከሁለቱም ጎን ሳይሰለፍ ወደ ኢጣሊያ ሄደ፤ በዚያም ለካቶሊኩ ፓፓ ወገን ሆኖ የሚላኖ ገዢዎች የነበሩትን ቪስኮንቲዎች ተዋጋ። በ1370 የእንግሊዝ ጦር ሰሜን ፈረንሳይን እያቃጠለ ሲያልፍ የኩሲን መሬት ግን አልነካም፤ የንጉሡ ልጅ ቤት ነዋ።

በ1375 የእናቱን ርስት ሊጠይቅ ተነሣ። የሀብስበርግ መሳፍንት አንከፍልም ስላሉት፣ በሰላም ጊዜ ሥራ አጥተው ፈረንሳይን ይዘርፉ የነበሩ ቅጥር ወታደሮችን ሰብስቦ አልዛስን አቋርጦ ወደ ስዊዘርላንድ ገባ። መስፍኑ ሌዎፖልድ 3ኛ የራሱን አገር መንደሮች አቃጥሎ ጠላት የሚበላው እንዲያጣ አደረገ። ሕዝቡ በሁለት ጌቶች መካከል ሆኖ በክረምት ተራበ። በታኅሣሥ ወር የሉሰርንና የበርን ገበሬዎችና ከተሜዎች በቡቲስሆልትስ፣ በኢንስና በፍራውብሩነን በሌሊት እየደረሱ የተበተኑትን ወታደሮች ገደሉ። ጉግለር የሚባለው ይህ ዘመቻ ከሸፈ፤ የካትሪን ርስትም በዚያ ዘመቻ አልተመለሰም።

አሁን ከሕይወቱ ሁሉ ወሳኝ ነው ወደምለው ዓመት ደረስን። በሰኔ 1377 ኤድዋርድ 3ኛ ሞተ፤ በዙፋኑ የአሥር ዓመቱ ልጅ ሪቻርድ 2ኛ ተቀመጠ። አማቱ ሲሞት አንጌራንን ከእንግሊዝ ጋር ያሰረው የግል ትስስር ላላ። በነሐሴ ለሪቻርድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቃል ኪዳኑን መለሰ፤ የጋርተር ኒሻኑንም መለሰ። የእንግሊዝ መሬቱንና ማዕረጉን አጣ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ሰው ብቻ ሆነ።

ዋጋውን ግን የከፈለው ቤተሰቡ ነው። ኢዛቤላ ወደ እንግሊዝ ተመልሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ሞተች። ታላቂቱ ልጅ ማሪ የፈረንሳዩ ርስት ወራሽ ሆና ከአባቷ ጋር ቀረች። ታናሺቱ ፊሊፓ ከእናቷ ወገን ጋር በእንግሊዝ ቀረች፤ በልጅነቷም ለኦክስፎርዱ አርል ለሮበርት ደ ቬር ተድራለች። ሁለት እህትማማቾች እንደ ርስት ተከፈሉ። ርስቱ የተሳሰረው በጋብቻ ነበርና ሲለያይም የተለያየው በጋብቻው ፍሬ ላይ ነው።

የፊሊፓ ዕጣ ይበልጥ ከባድ ሆነ። ባሏ የሪቻርድ 2ኛ ልብ ወዳጅ ሆኖ እስከ አየርላንድ መስፍንነት ደረሰ። በ1387 ግን ከንግሥቲቱ ጋር ከቦሄሚያ የመጣች አግነስ የምትባል ወይዘሮ ወድዶ ፊሊፓን ፈታት። የአንድ ታላቅ ንጉሥ የልጅ ልጅ እንዲህ መጣሏ የንጉሡን አጎቶች አስቆጣ፤ የራሱ የደ ቬር እናት ሳትቀር ከልጇ ይልቅ ከምራቷ ጋር ቆመች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደ ቬር በራድኮት ድልድይ ተሸንፎ ተሰደደ፤ በስደትም ሞተ። ፊሊፓ ግን እስከ 1411 በእንግሊዝ ኖረች።

የአንጌራን ክብር ግን በፈረንሳይ ጨመረ። በ1380 የጦሩ አዛዥ ዱ ጌክላን ሲሞት ያን ሥልጣን ውሰድ ቢሉት ኦሊቪዬ ደ ክሊሶን ይሻላል ብሎ እምቢ አለ። ለወጣቱ ንጉሥ ለሻርል 6ኛ አማካሪ ሆነ፤ በ1386 የሎሬይን መስፍን ልጅ ኢዛቤልን አገባ፤ ከእሷም አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። በሶዋሶን አጠገብ ለሴለስታይን መነኮሳት ገዳም አቋቋመ። ወራሽ ወንድ ልጅ ግን ከሁለቱም ጋብቻ አላገኘም።

በ1396 የቡርጎኙ ልዑል ዣን ደ ኔቬር የሚመራው የመስቀል ጦር የሀንጋሪውን ንጉሥ ሲጊስሙንድን ሊረዳ በዳንዩብ ወንዝ ወረደ። ልዑሉ ወጣት ስለነበር ልምድ ያላቸው እንደ አንጌራን ያሉ ሰዎች እንዲመክሩት ተደረገ። ማሪን ያገባው አማቹ አንሪ ደ ባርም አብሮ ዘመተ። በዛሬይቱ ቡልጋሪያ ባለችው በኒኮፖሊስ ሲጊስሙንድ ቀላሉ ጦር ይቅደም፣ ባለ ጋሻው ፈረሰኛ ለመጨረሻ ይቆይ አለ። አንጌራንና አድሚራሉ ዣን ደ ቪዬን ተስማሙ። ወጣቶቹ መኳንንት ግን ክብራችን ነው ብለው ፊት ፊት መግባት መረጡ። መስከረም 25 ቀን ገቡ፤ የቱርኮቹ ሱልጣን የባየዚድ ጦር ከበባቸው። ከውጊያው በፊት መስቀላውያኑ በእጃቸው የነበሩ ምርኮኞችን ገድለው ነበርና ሱልጣኑ በማግሥቱ ብዙ ምርኮኞችን አሳረደ። ብዙ ቤዛ የሚከፈልባቸው መኳንንት ብቻ ተረፉ።

አንጌራን ከእነዚህ ጋር ወደ አናቶሊያ ተወሰደ። በየካቲት 16 ቀን 1397 በቡርሳ ኑዛዜውን አስጻፈ፤ ልቡ ወደ አቋቋመው ገዳም እንዲወሰድ አዘዘ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በወጣትነቱ መያዣ ሆኖ በጋብቻ ነፃ የወጣው ሰው በመጨረሻ ምርኮው ግን ቤዛ ሳይደርስለት ቀረ። አማቹ አንሪ ደግሞ ከምርኮው ሲመለስ በመንገድ ሞተ። ማሪ በአንድ ዘመቻ አባቷንና ባሏን አጣች።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሙሉ በሙሉ የሴቶቹ ነው። መበለቲቱ የሎሬይኗ ኢዛቤልና የእንጀራ ልጇ ማሪ በርስቱ ተካሰሱ። የንጉሡ ወንድም ሉዊ ዶርሌያን ታላቁን ምሽግ ይፈልግ ስለነበር በማሪ ላይ ግፊት አበዛ፤ በ1400 በ400,000 ሊቭር ሸጠችለት። የልጅ ልጁ ሉዊ 12ኛ በ1498 ሲነግሥ ኩሲ የዘውድ ንብረት ሆነ። የማሪ ልጅ ሮበርት ደ ባር በ1415 በአዠንኩር ሜዳ በእንግሊዞች ተገደለ፤ የታናሺቱ የአንጌራን ልጅ ባል ፊሊፕ ደ ኔቬርም እዚያው ወደቀ። የወንድ ሐረግ እንደ ገና ተቆረጠ።

ግን የሮበርት ልጅ ዣን ተርፋ ነበር። እሷ የሉክሰምበርግ ወገን የሆነውን የሴን ፖሉን ኮንት አገባች። የልጅ ልጇ ማሪ ደ ሉክሰምበርግ ከቡርቦን ቤት ስትጋባ ከኩሲ ግዛት የቀሩትን ማርልንና ላ ፌርን ይዛ ሄደች። የማሪ የልጅ ልጅ ልጅ በ1589 የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነው አንሪ 4ኛ ነው። የልዑልነት ማዕረግ ያላሻው ቤት በሴቶች ልጆቹ በኩል ነገሥታትን ወለደ። ታላቁ ግንብ ግን በመጋቢት 1917 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ 28 ቶን ፈንጂ አስቀምጦ አፈረሰው። ድንጋዩ በአንድ ቀን ሲፈርስ፣ በሴቶቹ በኩል የተላለፈው ሐረግ ግን ለብዙ ዘመን ቆየ።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የመካከለኛውን ዘመን ሰው በዛሬ የአገር ድንበር አንለካውም፤ ታማኝነቱ የሚፈተነው በሰጠው ቃልና በተዛመደው ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የሴቶች ዝምታ በመዝገብ ላይ ያለ ዝምታ ነው እንጂ በታሪክ ውስጥ ያለ አይደለም። አሊክስ ባትኖር ኩሲ በባዕድ እጅ በወደቀ ነበር። ክሪስቲያና ባትኖር የእንግሊዝ መሬት ባልኖረ ነበር። ካትሪን ባትኖር የጉግለር ጦርነት ባልተነሣ ነበር። ኢዛቤላ ከወደብ ባትመለስ አንጌራን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ሦስተኛ፣ ያ ሥርዓት ለሴቶቹ ርስት ሲያሸክማቸው ምርጫ ግን እምብዛም አልሰጣቸውም፤ ማሪና ፊሊፓ በአባታቸው ውሳኔ ተለያዩ፣ ፊሊፓም በባሏ ፈቃድ ተጣለች። ይህን ፍርደ ገምድልነት ካላየን ታሪኩን በግማሽ ነው የምናውቀው።

ስለዚህ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ታሪክ የምትወዱ ሁሉ፤ የማንኛውንም ባላባት የዘር ሐረግ ስትስሉ ከአባቶቹ ጎን እናቶቹን በስማቸው ጻፉ፤ ይዘው የመጡትን መሬት፣ ያስታረቁትንና ያጣሉትን ቤት፣ የተቀበሉትንም በደል ከስማቸው ጋር መዝግቡ። ያኔ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ፣ ሰላሙ በምን እንደጸና፣ ርስቱ በማን እጅ እንደደረሰ በግልጽ ይነበባል።